የሲላን ነገር ልንገርሽ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህት ዓለሜ፤

እንዴት ከርመሻል? ልጆችሽ፣ ባለቤትሽ፣ እማማ፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። የሜሪላንድን ብርድ እንኳ ለምጄዋለሁ።

ብዙ ዘመን ሳንጻጻፍ ቀረን። ያስቀየመን ነገር የለም፤ ኑሮ ነው። በበዓል በበዓሉ «እንኳን አደረሰሽ» እንባባላለን፣ በቃ። ድሮ ግን አንድ መጽሐፍ ለሁለት የምናነብ፣ ገና ሳንጨርሰውም የምንጨቃጨቅ ሰዎች ነበርን። አሁን አንድ መጽሐፍ አንብቤ የምጨቃጨቀው ሰው አጣሁ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

መጽሐፉን የሰጠችኝ ሌሊት አብራኝ የምትሠራ ሴትዮ ናት። ከካሪቢያን ደሴቶች አንዷ የሆነችው የባርቤዶስ ሰው ናት። ቤት ለመግዛት እየሮጥኩ መሆኔን ነግሬያት ነበር። በማግስቱ አምጥታ «ከመፈረምሽ በፊት ይሄን አንብቢ» አለችኝ። «ብራውን ገርል፣ ብራውንስቶንስ» ይባላል። ጸሐፊዋ ፖል ማርሻል ናት፤ ስሟ የወንድ ቢመስልም ሴት ናት። በ1929 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ከባርቤዶስ ስደተኞች ተወለደች። ይሄን የመጀመሪያ ልቦለዷን በ1959 አሳተመች። በ2019 አረፈች። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዘመኑ 1939፣ ቦታው ብሩክሊን፣ ቾንሲ ስትሪት። ፊታቸው በቡናማ ድንጋይ የተለበጠ፣ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጉ ባለ ፎቅ ቤቶች ተደርድረዋል። ነጮቹ ሰፈሩን እየለቀቁ ነው፤ ከባርቤዶስ የመጡ ጥቁሮች እየገቡበት ነው። የቦይስ ቤተሰብም አንዱን ቤት በኪራይ ይዟል። እናትየው ሲላ፣ አባትየው ዴይተን፣ ትልቋ ልጅ አይና፣ ትንሿ ሰሊና ይባላሉ። ሁሉንም የምናየው በሰሊና ዓይን ነው። ስንጀምር የዐሥር ዓመት ልጅ ናት።

ሲላ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያንን ቤት መግዛት። የአገሯ ሰዎች እየገዙ ነው፤ እሷ ግን ገና ኪራይ ላይ ናት። ይሄ ያንገበግባታል። ዴይተን ደግሞ እህቱ ሞታ ባርቤዶስ ውስጥ ሁለት ኤከር የማይሞላ መሬት አወረሰችው። የእሱ ሕልም አገሩ ተመልሶ፣ እዚያ ትልቅ ቤት ሠርቶ መኖር ነው። እስከዚያው ድረስ በፖስታ የሚላክለትን የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ያጠናል። ያ አልሆን ሲለው ጥሩምባ ይጀምራል። ልብሱ ግን ሁሌም የተመረጠ ነው።

እዚህ ያለን ሰዎች ይሄን ጠብ በደንብ እናውቀዋለን። ባልየው «አገር ቤት መሬት እንያዝ» ይላል፤ ሚስትየው «እዚሁ እንግዛ» ትላለች። በዚህ የተነሳ የፈረሰ ትዳር አይቻለሁ። የሌላ አገር ሰው ከስድሳ ዓመት በፊት ጽፎት ሳገኘው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አንቺ ዴይተንን እንደምትወጂው ከወዲሁ አውቃለሁ። ሰሊናም ትወደዋለች። ይስቃል፣ ያስቃል፣ ልጁን እንደ ትልቅ ሰው ያዋራታል። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። በወጣትነቱ ባርቤዶስ፣ ብሪጅታውን ከተማ፣ ነጮቹ ሱቅ ጸሐፊ ልሁን ብሎ ሲጠይቅ ሳቁበት። ትምህርት ነበረው፤ ግን ጥቁር ነበር። ያ ሳቅ ዕድሜውን ሙሉ ከጆሮው አልወጣም። ለዚህ ነው ከትንሽ ነገር መነሳት የማይሆንለት። ወይ ትልቅ ሰው ይሆናል፣ ወይ ምንም።

እኔ ግን የሲላ ወገን ነኝ። ልሟገትላት።

አንድ ቀን ሲላ ለሰሊና ስለ «ተርድ ክላስ» ትነግራታለች። የትምህርት ክፍል እንዳይመስልሽ። በሸንኮራ አገዳ እርሻ ውስጥ ሣር የሚነቅሉ ትንንሽ ልጆች ናቸው። ፀሐይ ስትወጣ ጀምረው እስክትጠልቅ ድረስ አጎንብሰው ይውላሉ። ቀና ያለውን በጅራፍ የምትለው ተቆጣጣሪ ሴት ከኋላቸው አለች። ሲላ በዐሥር ዓመቷ ከወንድ በላይ ትሠራ ነበር። ይሄን የምትነግራት እንድታዝንላት አይደለም። ሰሊና ስለ አባቷ አገር የሰማችው ባሕሩንና አሸዋውን ብቻ ስለሆነ፣ ሌላውንም እንድታውቅ ነው። ገጹን ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ሲላ ጨካኝ ናት የሚለኝን ሰው መስማት አልቻልኩም።

ስለ ደሴቲቱ ትንሽ ልንገርሽ፤ ካለዚህ የቤቱ ጉጉት አይገባም። ባርቤዶስ ከአዲስ አበባ ከተማ እንኳ ታንሳለች፤ ስፋቷ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግሊዞች በ1627 ሰፈሩባት። ብዙም ሳይቆይ ደሴቲቱን በሙሉ ሸንኮራ ተከሉባት፤ ከአፍሪካ ሰው እየገዙ አመጡ። ባሮቹ ሙሉ በሙሉ ነጻ የወጡት በ1838 ነው። ነጻ ወጡ እንጂ መሬት አላገኙም። መሬቱ በእነዚያው የእርሻ ጌቶች እጅ ቀረ። ስለዚህ ሰዉ በሰው መሬት ላይ፣ ድንጋይ ደርድሮ፣ ከሳንቃ ትንሽ ቤት ይሠራ ነበር። ጌታው «ተነስ» ካለው ቤቱን ፈታትቶ፣ በጋሪ ጭኖ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ መልሶ ይገጥመዋል። «ቻተል ሃውስ» ይሏቸዋል። የሥራ ባልደረባዬ የአያቷን ቤት ፎቶ አሳይታኛለች። ዛሬም በሚያምር ቀለም ተቀብቶ ቆሟል።

እስቲ አስቢው። አያቶችሽ ቤታቸውን እንደ ዕቃ ጭነው ሲነሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንቺ ደግሞ ማንም የማይነቅለው፣ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ፊት ቆመሻል። ዋጋው ምንም ይሁን ምን አትገዢውም? ሲላን ገንዘብ ወዳድ የሚሏት አሉ። እኔ ግን ገንዘቡን አልወደደችውም እላለሁ። ተነሺ የማትባልበት መሬት ነው የፈለገችው።

መግዛቱ ደግሞ እንደ ወሬው ቀላል አልነበረም። በ1930ዎቹ የመንግሥት ካርታ ላይ ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር በቀይ ይቀባ ነበር፤ የሲላ ሰፈርም፣ ቤድፎርድ ስታይቨሰንት፣ ቀይ ነበር። ባንክ እዚያ ላለ ቤት ብድር መስጠት አይፈልግም። ታዲያ በምን ገዙ? የነጮቹን ወለል በጉልበታቸው ተንበርክከው እየፈተጉ። ክፍሎቹን እየቆራረጡ እያከራዩ። የካሪቢያን ሰዎች «ሱሱ» የሚሉት አላቸው፤ የእኛ እቁብ ማለት ነው። ባልደረባዬ ስለ ሱሱ ስትነግረኝ፣ ዳኛው ማን እንደሚሆንና ዕጣው እንዴት እንደሚወጣ ሳይቀር እያቋረጥኩ ነገርኳት። በጣም ነው የተገረመችው።

የቅዳሜውን ማዕድ ቤት ላሳይሽ። ሲላ ኮኮናት ትፈቀፍቃለች፣ የአሳማ አንጀት አጥባ ትሞላለች፣ ዳቦ ትጋግራለች። ለቤት አይደለም፣ ለሽያጭ ነው። ወዳጆቿ ከሥራ መልስ ይመጡና ጠረጴዛውን ይከባሉ። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ዝም ብለው የሠሩ ሴቶች እዚህ አፋቸው ይፈታል። ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ቤት ዋጋ፣ ስለ ባሎቻቸው፣ የማያነሱት የለም። ማርሻል ኋላ ላይ ጸሐፊ ያደረጉኝ የእናቴ ማዕድ ቤት ሴቶች ናቸው ብላለች። እውነቷን ነው። ሴቶቹ ሲያወሩ ቅመሙ ይሸታል፣ ድስቱ ሲንተከተክ ይሰማል።

እዚህ ላይ እማማ ትዝ አሉኝ። ገና ሳይነጋ የሚያሰፉትን እንጀራ፣ ግቢው ውስጥ በመጋረጃ የተከፈሉትን ክፍሎች፣ አንቺና እህትሽ ሳሎን መሬት ላይ የምትተኙትን። «ለተከራይ ፈገግ ትላለች፣ ለእኛ ግን ፊቷን ታጠቁራለች» ትይኝ ነበር። ይሄን የማነሳው ልወቅስሽ አይደለም። እኔም በልጅነቴ እፈራቸው ነበር። መጽሐፉን ሳነብ ግን ፊታቸው ከፊቴ አልጠፋ አለ።

አሁን ደግሞ ሲላ ያደረገችውን ስሚ፤ ምንም አልደብቅልሽም። ያንን መሬት ነፍሷ ሲኦል ብትገባም እንደምትሸጠው በወዳጆቿ ፊት ትምላለች። ሰሊና ሰማቻት። ሲላ በባሏ ስም፣ በእሱ እጅ ጽሑፍ አስመስላ ወደ ባርቤዶስ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። መሬቱ ተሸጠ። ገንዘቡ ሲመጣ ዴይተን ላምጣው ብሎ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ሲመሽ መጣ፤ አምስተኛው ጎዳና ላይ ያሉትን ታላላቅ ሱቆች ዞሮ ገንዘቡን በሙሉ ስጦታ ገዝቶበታል። ለእሷም፣ ለልጆቹም፣ ለራሱም። ይሄን ምዕራፍ በአንድ ትንፋሽ ነው ያነበብኩት። ሁለቱም በዳይ ናቸው፤ ሁለቱም ተበዳይ ናቸው። አንጀቴን በላው።

ከዚያ ሠርግ አለ። የባርቤዶስ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይጨፍራል። ዴይተን ዘግይቶ ይመጣል። ሰዎቹ ያዩትና ጀርባቸውን ያዞሩበታል፤ ወደ መጣህበት ተመለስ የሚል ዘፈን እየዘፈኑ እየጨፈሩ ያስወጡታል። የራሱ ሰዎች ናቸው። ቤት ያልገዛ፣ ገንዘብ ያባከነ ሰው በመካከላቸው ቦታ የለውም። የማኅበረሰብ ፍርድ እንዴት እንደሚከብድ እኔና አንቺ አይነገረንም።

በኋላ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ክንዱን ያደቅበታል። ሕይወቱ በዚያው ዘነበለ። ራሱን አምላክ ነኝ የሚል ሰባኪ ይከተላል፤ ልጁን እንኳ «አባዬ አትበይኝ» እስከማለት ይደርሳል። የጸሐፊዋም አባት ከቤት ወጥቶ ፋዘር ዲቫይን የሚባለውን ሰባኪ ተከትሎ ነበር። ሕመሙን ከየት እንዳመጣችው ይታወቃል።

ሲላ መጨረሻ ላይ ምን አደረገች መሰለሽ? ዴይተን አሜሪካ የገባው ያለ ወረቀት ነበር። ለመንግሥት ጠቆመችው። ተይዞ በመርከብ ሲመለስ፣ ባርቤዶስ ዳርቻ ሲደርስ ባሕር ውስጥ ገባ። ዘሎ ይሁን ወድቆ መጽሐፉ አይነግርሽም። ሞተ። ሰሊና እናቷን «ሂትለር! ሂትለር!» እያለች በቡጢ ትደበድባታለች። ሲላ አትከላከልም፣ አትመልስም። ልጅቷ ደክሟት እዚያው እንቅልፍ ሲወስዳት አቅፋ ወደ ላይ ትወስዳታለች። ወረቀት ለሌለው ሰው ጥቆማ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የሚኖር ያውቀዋል። ይሄን ሥራዋን ይቅር በያት አልልሽም። እኔም አላልኳትም። ግን ሲላን ከዚህ በኋላም አልተውኳትም፤ ሰሊናም አልተወቻትም። የመጽሐፉ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱም ሰሊና ታድጋለች። ኮሌጅ ትገባለች፣ ዳንስ ትጀምራለች። ከነጭ ጓደኞቿ ጋር መድረክ ላይ ወጥታ፣ ሁሉም አጨብጭቦላት፣ ማርጋሬት የምትባል ጓደኛዋ ቤት ለኬክ ይሰበሰባሉ። የማርጋሬት እናት ለብቻዋ ታስጠራታለች። ወላጆችሽ ከየት ናቸው ትላታለች። ባርቤዶስ ስትላት ሴትዮዋ ደስ ይላታል፤ ቤቷን የምታጸዳላት የዚያው አካባቢ ሴት ነበረቻ! እንዴት ታማኝ ነበረች፣ እንዴት እንወዳት ነበር፣ አንቺማ እንደ ጥቁሮቹ አይደለሽም፣ እስቲ በዚያ በሚያምር አነጋገራችሁ አንድ ነገር ተናገሪ። ስድብ የለም፣ ጩኸት የለም። ሁሉም በፈገግታ ነው። ሰሊና ሮጣ ትወጣለች። አንድ ባዶ ሱቅ መስታወት ላይ ፊቷን አይታ ትመታዋለች። እናቷና ወዳጆቿ በየቀኑ ከምን ጋር ሲታገሉ እንደኖሩ ያኔ ገባት።

እኔ በሥራዬ የማያቸው አዛውንት ፈረንጆች አብዛኞቹ ደጎች ናቸው። ሆኖም ያቺን የማርጋሬትን እናት ፈገግታ አይቼዋለሁ። «አንቺ እኮ እንደ እዚህ አገር ጥቁሮች አይደለሽም» ተብዬ አውቃለሁ። ብዙዎቻችን ይሄን እንደ ሙገሳ እንቀበለዋለን። ያመኛል። በመጽሐፉ ውስጥ የባርቤዶስ ቤት ባለቤቶች ማኅበር አለ። በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «ባርቤዶስ የሚለውን ትተን ማኅበሩን ለጥቁር ሁሉ እንክፈት» ይላል። ይጮሁበታል። እነሱ ቤት ገዝተዋል፣ ልጅ አስተምረዋል፤ ከአሜሪካ ጥቁሮች ጋር መቆጠር አይፈልጉም። እዚያው ሰፈራቸው ውስጥ ግን ሚስ ቶምፕሰን አለች፤ ከደቡብ የመጣች ፀጉር ሠሪ። እዚያ ነጮች ያቆሰሏት እግሯ እስከ ዛሬ አልዳነም። ለሰሊና ከማንም በላይ እናት የሆነችላት እሷ ናት። እኛም «ሀበሻ ነን እንጂ» እያልን ራሳችንን የምንለይበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ በር በ1960ዎቹ የተከፈተልን ግን በማን ትግል ነው? የእነ ሚስ ቶምፕሰን ልጆች ውሻ እየተለቀቀባቸው፣ እስር ቤት እየገቡ ነው። ይሄን ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ።

ባርቤዶስ ሩቅ አገር እንዳይመስልሽ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ፕሮፌሰር አብይ ፎርድን ታውቂያቸው የለ? አባታቸው አርኖልድ ፎርድ የብሪጅታውን ልጅ ናቸው። ኒው ዮርክ ኖረው፣ በ1930 አዲስ አበባ መጥተው፣ እዚያው አረፉ። እናታቸው ሚኞን ፎርድም የባርቤዶስ ተወላጅ ናቸው፤ ልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤትን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ከዚያች ትንሽ ደሴት ሲላ ብሩክሊንን ስትመርጥ፣ እሳቸው እኛን መረጡ። ለባልደረባዬ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና እጄን ያዘችኝ።

ደካማ ጎን የለውም አልልሽም። ክላይቭ የሚባለው የሰሊና ፍቅረኛ አብዝቶ ያወራል፤ እሱ ያለባቸው ገጾች አሰልችተውኛል። ዝለያቸው አልልሽም፤ ግን በፍጥነት እለፊያቸው። ከተከራዮቹ ውስጥ ሱጊን ውደጃት። ሳምንቱን የሰው ቤት ስትፈትግ ሰንብታ፣ ቅዳሜ ማታ ሩም የሚባለውን አረቄ ጠጥታ ሳቋ ፎቁን የሚያናውጥ ሴት ናት። ሲላ ትጠላታለች፤ በመጨረሻም ታስወጣታለች። እኔ ይሄን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሳሁ። ቤቱን ገዝቼዋለሁ እኮ፤ ታውንሃውስ ነው። ቤዝመንቱን ለአንዲት ልጅ አከራይቻለሁ። ሞርጌጁ ያለ እሷ ኪራይ አይከፈልም። ማታ በር ከፍታ ስትገባ በሰማሁ ቁጥር ሱጊ ትመጣብኛለች።

በመጨረሻዎቹ ገጾች ሰሊና ከቤት ልትወጣ፣ ወደ ደሴቶቹ ልትሄድ ትወስናለች። እናቷ ትቆጣለች። ሰሊና ሁሉም የዴይተን ልጅ ይሉኝ ነበር፣ እኔ ግን የአንቺ ልጅ ነኝ ትላታለች። ሲላ በዐሥራ ስምንት ዓመቷ ብቻዋን ባሕር ተሻግራ የመጣች ሴት ናት፤ ልጅቷ የምትፈልገውም ያንኑ ነው፤ በራሷ እግር መሄድ። ታሪኩን ጨርሰሽ ነገርሽኝ አትበይኝ። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ተነግሮ አያልቅም።

ለፋሲካ ወደዚያ የምትመጣ ጎረቤት አለችኝ፤ በእሷ እልክልሻለሁ። ጠርዙ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት አለ፤ መጀመሪያ የራስሽን አንብቢ፣ የእኔን በኋላ ታይዋለሽ። ሠርጉ ላይ ስትደርሺ ግን መጨረሻውን ሳትጠብቂ ጻፊልኝ። ከማን ወገን እንደሆንሽ እፈልገዋለሁ፤ ዴይተንን ካልሽም ተዘጋጅቻለሁ።

እማማን በሁለቱም ጉንጫቸው ሳሚልኝ። ከመንዝ ሲወጡ ስንት ዓመታቸው ነበር? ከማን ጋር፣ በምን መጡ? ነግረውሽ ከሆነ ጻፊልኝ፤ ካልነገሩሽ እኔ በቪዲዮ ደውዬ እጠይቃቸዋለሁ፣ አንቺም አጠገባቸው ሁኚ። እሑድ ከሰዓት ይመቻችኋል?

በናፍቆት፣
ሁሌም ያንቺው እህትሽ